ጀርባው የጠመመ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይቆማል?



በዚህ ዓመት በኅዳር ወር ለጥምቀት በዓል የሚሆነው የመዘምራን ልብስ ሲሰፋ፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ይዞ ወደ አዳራሻችን መጥቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ሁላችንም በተራ እየቆምን ስንለካ ተራው ከታናናሾቻችን የአንዷ፣ የ13 ዓመቷ እኅታችን ሆነ። ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ለካ፤ እንደ ገና ለካ፤ ከዚያም መነጽሩን አውልቆ «ልጄ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ» አላት። እርሷም «ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት» ብላ መለሰች። እውነቷን ነበር። የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ከፍ ብሎ፣ ወገቧም በአንድ ወገን ገባ ብሎ ነበርና ልብሱ በግራ በኩል በሁለት ጣት ያህል ይረዝምባት ነበር። ከኋላ ከተሰለፉት አንዱ «ጠማማ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ።

ያ ሳቅ የቆየ ቁስላችንን ነካው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ እኛም ከ15 ዓመታችን ጀምሮ በጠመመ ጀርባ የምንኖር ነንና። በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ስንል አንዳንድ ጊዜ ጀርባችን የጠመመውን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሳቅነውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ አንባቢ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ራሱ ይወቅ።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። በሕክምና ቋንቋ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው ጠማማ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞቹም ቢሆኑ ከዚያ ልጅ የተሻለ ስም አላወጡልንም። የጤነኛ ሰው አከርካሪ ከኋላ ሲያዩት እንደ ቱንቢ ገመድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በዚህ ሕመም ግን ወደ ጎን ይጠምማል፤ መጥመም ብቻም ሳይሆን እንደሚከረር ገመድ በራሱ ላይ ይዞራል። የጎን አጥንቶችም አብረውት ስለሚዞሩ ሰውየው ጎንበስ ሲል ከጀርባው አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል። የመጥመሙ መጠን በራጅ ላይ በዲግሪ ይለካል። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ነው ይባላል። ከመቶ ወጣቶች 2 ወይም 3 የሚሆኑት ይህ መጠን አለባቸው፤ አብዛኞቹ ጥቂት ስለሆነ ሳያውቁት ይኖራሉ። ብዙ የሚጨምርባቸው ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ከወሊድ ጀምሮ የሚመጣ፣ ከፖሊዮ በኋላ የሚመጣም አለ። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣው መጉበጥ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። በወጣትነት ዕድሜ የሚመጣው፣ በእኛና በእኅታችን ላይ የደረሰው ግን ምክንያቱ እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም። ከባድ ቦርሳ በመሸከም አይመጣም፤ ተጣሞ በመቀመጥም አይመጣም። እናታችን ግን ይህን የሚነግራት ሰው እስኪገኝ ድረስ «በአንቀልባ ሳዝላችሁ አጣምሜ አዝዬ ይሆናል» እያለች ስንት ሌሊት ስታለቅስ አድራለች። እርሷ ራሷን ስትከስስ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ተከሳሽ ይፈልጉ ነበር፤ የአያት ኃጢአት ነው፣ የዓይን ነገር ነው፣ አድሮባቸዋል ይሉ ነበር።

ይህ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ ምንጭ በየቀኑ የምንናገረው ቋንቋ ይመስለናል። በአማርኛችን ክፉ ሰው ጠማማ ነው፤ ደግ ሰው ቀና ነው። ልቡ የቀና፣ ነገሩ የተጣመመ፣ መንገዱ የጎበጠ እንላለን። ወደ ግእዙም ብንሄድ ሃይማኖታችንን ርትዕት እንላታለን፤ የቀናች ማለት ነው። ኦርቶዶክስ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ኦርቶ» የሚለው የግሪክ ቃልም ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ነው። የሚያስገርመው፣ የአጥንት ሕክምና ኦርቶፔዲክስ የሚባለው በዚያው ቃል ነው፤ በ1741 እ.ኤ.አ. ኒኮላ አንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም «ቀጥ ያለ» እና «ሕፃን» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ያወጣው ስም ነው። በመጽሐፉም የጠመመ ለጋ ዛፍ ከቀጥተኛ እንጨት ጋር በገመድ ታስሮ የሚታይበት ሥዕል አለ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ የአጥንት ሐኪሞች ምልክት ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ የ13 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ኃጢአተኛ ጠማማ፣ ጻድቅ ቀና ሲባል ትሰማለች፤ ቤቷ ሄዳም በመስተዋት ጀርባዋን ታያለች። ይህን ሁለት ነገር ማንም ሳያጋጥምላት ራሷ ታጋጥመዋለች። እኛም አጋጥመነው ነበር። ሰባክያኑ ቃሉን ይተዉት ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ የመጽሐፍ ነውና። ነገር ግን ቃሉ ምሳሌ እንደ ሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ቢነገረን ኖሮ ስንት ዓመት በቀለለልን! ጌታችን ዐይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁት፣ እርሱንም ወላጆቹንም ከክሱ ነጻ እንዳወጣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። እንዲያውም የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ የጎረቤቶቻችን ጥያቄ ነው፤ ተከሳሽ ፍለጋ ነው።

ስለ ሥጋዊው ሕመም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ረጅም ሰዓት ስንቆም ወገባችን ይዝላል፤ በአንድ ወገን ከበሮ ማንገት አንችልም፤ የንግግር ክፍለ ጊዜ በእንጨት ወንበር ላይ ሲረዝም መቁነጥነጥ እንጀምራለን። ከዚህ ይልቅ የከበደን ሌላው ነው። ነጠላችን ከዝቅተኛው ትከሻችን ላይ ሁልጊዜ ይንሸራተታልና እጃችን በጸሎት ጊዜ እንኳ እርሱን ከመያዝ አያርፍም። በቤተ ክርስቲያንም በክፍልም ማንም ከኋላችን እንዳይሆን የመጨረሻውን ቦታ እንመርጣለን። ጓደኛ ሲያቅፈን እጁ ጀርባችን ላይ እንዳያርፍ ቀድመን እንሸሻለን። ጸሎታችንም ጠበበ፤ ለአገር፣ ለታመሙት፣ ለሞቱት መጸለይ ትተን አንዲት ልመና ብቻ ቀረችን፤ እርሷም «አቅናን» የምትል ነበረች። ወረብ የሚወርቡትን ልጆች በቅናት እንመለከት ነበር። ሕመም ሰውን ቅዱስ ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ታመው የማያውቁ ናቸው። «እግዚአብሔር ስለሚወዳችሁ መስቀል ሰጣችሁ» የሚሉንም በደግነት እንደሚሉት እናውቃለን፤ ሆኖም ይህን ብለውን ሲሄዱ ልብ አላሉትም እንጂ አዝነን እንቀር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንምጣ። የመጀመሪያው ራጃችን ሲነሣ ልኩ 41 ዲግሪ ነበር። ሐኪሙ ብሬስ፣ ማለትም ከብብት እስከ ዳሌ የሚታሰር የፕላስቲክ ደጋፊ እንድንለብስ መከረ። በዚያን ጊዜ ቤተሰባችን የሚያከብረው አንድ ሰው መጥቶ «ይህ እምነት ማጣት ነው፤ ጠብቁ» አለ። በፍቅር ነው ያለው። ጠበቅን። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ 53 ዲግሪ ሆነ፤ ዕድገታችንም ወደ ማቆሙ ስለ ነበር የብሬሱ ጊዜ አልፎ ነበር።

ብሬስ የሚጠቅመው አጥንት በማደግ ላይ ሳለ ብቻ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ የተሠራ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። መጥመሙ ሊጨምርባቸው ይችላል የተባሉ፣ ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጆችን የተመለከተ ነው። ብሬስ ከለበሱት ከመቶ 72ቱ መጥመማቸው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ዕድገታቸውን ጨረሱ፤ ካልለበሱት ደግሞ ከመቶ 48ቱ። በቀን 13 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ የለበሱት ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ተሳካላቸው። 50 ዲግሪ የተባለበትም ምክንያት፣ ከዚያ ያለፈ መጥመም ዕድገት ከቆመ በኋላም ቀስ በቀስ ሊጨምር ስለሚችል ቀዶ ሕክምና የሚታሰብበት መጠን ስለሆነ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል እኛን ብዙ ያሳሰበን 48 የሚለው ነው። ምንም ሳይለብሱ ከቀሩት ግማሽ ያህሉ ዳኑ ማለት ነውና። እንግዲህ «እኔ የማውቀው ልጅ ጸልዮ ብቻ ቆመለት» የሚል ሰው ቢመጣ ሐሰተኛ ነህ ልንለው አንችልም፤ አይተው ይሆናል። እግዚአብሔርንም አመስግነው ይሆናል፤ ምስጋናው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ያልቆመላቸው የቀሩት ልጆች ለምስክርነት ወደ መድረክ አይወጡም። እነርሱ የመጨረሻውን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። «ጠብቁ» ብሎ የሚመክር ሰው የመጠበቁን ዋጋ ራሱ አይከፍልም፤ የሚከፍለው የልጁ አጥንት ነው። ይህ ልዩነት በሌሎች የመከራ ዓይነቶችም ላይ የሚታይ ይመስለናል፤ በጀርባ ላይ ግን በዲግሪ ተለክቶ ይነበባል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስለ ጎበጠችው ሴት የተጻፈውን ስናነብ ብዙ ጊዜ ልባችን የሚሄደው ወደ ተአምሩ ነው። በእርሷ ላይ የድካም መንፈስ ስለ ነበረ የጎበጠ ሁሉ እንዲሁ ነው ብለው የሚከራከሩንም አሉ፤ ወንጌሉ ግን የሚናገረው ስለዚያች አንዲት ሴት ነው፤ ስለ ጀርባ ሁሉ አይደለም። እኛ ግን አሁን አሁን የሚያቆመን የምኵራቡ አለቃ ነገር ነው። አለቃው ሴቲቱ አትዳን አላለም። ሥራ የሚሠራባቸው ስድስት ቀኖች አሉ፣ በእነዚያ መጥታችሁ ተፈወሱ ነው ያለው። ነገሩን በሰው ሚዛን ብንመዝነው ምክንያታዊ ነው፤ 18 ዓመት ጎብጣ የኖረች ሴት አንድ ቀን ብትጨምር ምን ይጎዳታል? ጌታ ግን ያችን አንዲት ቀን እንኳ ሊጨምርባት አልፈቀደም። ሴቲቱም ስትለምነው አልተጻፈም፤ አይቷት ነው የጠራት። ከመዳኗ በፊት፣ ጎብጣ ሳለች በሰንበት በምኵራብ ተገኝታ ነበር። የአብርሃም ልጅ መሆኗንም ከቀናች በኋላ ያገኘችው አይደለም።

ስለ ጠበልና ስለ ሐኪም የሚነሣው ክርክር እኛ እንደምናስበው ያን ያህል ከባድ አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው በሚል ሐሳብ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ የሕሙማን መጠለያ ሠርቷል። የእኅታችን ቤተሰቦች ምን እናድርግ ብለው የንስሐ አባታቸውን ሲጠይቁ የሰጡት መልስ ከዚህ ሁሉ ያጠረ ነው። «ስትጠመቅ ታውልቀው፤ ተጠምቃ ስትወጣ መልሳ ትልበሰው» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ሕክምናው ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ርቀቱና ወጪው ብዙዎችን ያስቀራል። በአዲስ አበባ በእማሆይ ቴሬዛ የሕሙማን ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ፣ አከርካሪያቸው እጅግ የጎበጠና የጠመመ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ወደ ጋና፣ የጋና ተወላጁ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ወዳቋቋሙት ሆስፒታል እየላኩ አሳክመዋል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የደረሱበት መጠን ሳንባን እስከ መጫን የሚደርስ ነበር። አንድ ሰው ጎንበስ በሉ ብሎ ቀድሞ ጀርባቸውን ቢያይ ኖሮ ምናልባት ከእነርሱ አንዳንዶቹ ያን ያህል አይርቁም ነበር።

እዚህ ላይ ስንደርስ የምንናዘዘው ነገር አለ። እስከ አሁን «ጠብቁ» ያለንን ሰው ስንወቅስ ቆየን። ነገር ግን ልብስ ሰፊው የእኅታችንን ትከሻ ከማየቱ ከሁለት ወር በፊት፣ በመስከረም ለደመራ መዝሙር ስናጠና እኛ አይተነው ነበር። ከፊታችን ቆማ ነበር፤ ነጠላዋም እንደ እኛ ነጠላ በአንድ ወገን ይንሸራተት ነበር። ምን እንደ ሆነ በአዳራሹ ውስጥ ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አልን። ብንናገር ሰው ሁሉ ዞሮ የእኛን ጀርባ ያያል ብለን ፈርተን ነው። በኅዳር ሲስቁባትም ዝም አልን። በዚያች ዕድሜ ልጅ በፍጥነት ታድጋለችና ሁለት ወር ትንሽ አይደለም። የሳቀው ልጅ ቃሉን አያውቅም ነበር፤ እኛ እናውቅ ነበር። ጠማማ የሚለው ስም በዚያን ቀን ለማን ይገባ እንደ ነበር ስናስብ እናፍራለን።

በሳምንቱ ወደ ቤቷ ሄድን። እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ነገሩን እንዴት እንደምንጀምር ጠፍቶን ሦስተኛው እስኪደርስ ተቀመጥን፤ በመጨረሻ ጋቢያችንን ገለጥ አድርገን ጎንበስ አልንና ጀርባችንን አሳየናቸው። «እትዬ፣ የልጅዎም እንዲህ ሳይሆን ይታይ» አልን። ከቤተሰባችን ውጭ ላለ ሰው ጀርባችንን በፈቃዳችን ስናሳይ ያ የመጀመሪያችን ነው። በጥር ራጅ ተነሣች፤ 31 ዲግሪ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ ብሬስ ለብሳለች። እርሷ ግን ብሬስ አትለውም፤ ጥሩር ትለዋለች።

ይህን ጽሑፍ የጀመርንበት ጥያቄ፣ ጀርባው የጠመመ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይቆማል የሚለው፣ ለእኛ በአብዛኛው የተመለሰልን በቅዳሴ መካከል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ መውጊያው ተነቀለ የሚል እንዳልነበረ አንብበን ነበር። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል ደግሞ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናየዋለን፤ ሠዓሊዎቻችን የተሰበረችውን እግር ሲደብቁ አላየንም። እርግጥ የእርሳቸው በጸሎት ብዛት የተሰበረች ናት፤ የእኛ ግን ምንም ሳንደክምበት የጠመመ ስለሆነ ራሳችንን ከእርሳቸው ጋር አናስተያይም። ብቻ የጎደለ አካል በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሊሣል እንደሚችል ከዚያ ተምረናል። ከዚህም ሌላ ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል የተቀመጡት እንዲነሡ ሲያዝ ሁልጊዜ እንሰማለን። ለብዙ ጊዜ ይህ ተግሣጽ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ወገባችን ዝሎ በግድግዳው ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ ትእዛዙ የሚጠራው እኛን እንደ ሆነ ልብ አልን፤ ሥርዓቱን የሠሩ አባቶች የሚቀመጥ ሰው እንደሚኖር ያውቁ ነበር ማለት ነው። መቋሚያውም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ጀርባ ያላቸው ካህናት ሳይቀሩ ይደገፉበታል፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ድጋፍ እንዲቆም የሚጠበቅ ሰው የለም። እኛ ግን ዓመታት ሙሉ መቋሚያ መያዝ አፍረን ነበር።

«አቅናን» የሚለውን ጸሎት አልተውነውም። አሁንም እንጸልየዋለን፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም፤ ሌሎቹም ልመናዎች ቀስ በቀስ ተመልሰዋል። አንዳንድ ሌሊት ወገባችን እንቅልፍ ሲከለክለን ግን ያችው አንዲቱ ብቻ ትቀራለች፤ ይህንንም አንሸሽግም።

በስቅለት ዓርብ እኅታችን ከብሬሱ ጋር መስገድ ስላልቻለች ካህኑ በወይራ ቅጠሉ ትከሻዋን ነካ አድርገው በስግደቱ ፈንታ ዳዊት እንድትደግም አዘዟት። ከጎኗ ተቀምጠን አብረን ደገምን። ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ደግሞ ከሕፃናት ክፍል አንዱ መጥቶ በነጠላዋ ላይ ሆድዋን በጣቱ አንኳኳ፤ ብሬሱም እንደ በር ጮኸ። ሕፃኑ ደነገጠ፤ እርሷ ግን ድምፅዋን አወፍራ «ማን ነው?» አለችው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ የሳቀችውም ከሁሉ ይልቅ እርሷ ናት።

የሚቀጥለው ራጅ በሐምሌ ነው። አብረናት እንሄዳለን፤ የእኛም በዚያው ቀን ይነሣል።